የጣና ዳር መርዶ

የባሏ የደሳለኝ ሠልስት በወጣ ማግስት ዝናሽ ከሏን አውልቃ የጎረቤቷን አበባማ ቀሚስ ለበሰች። ያስለበሷት ሽማግሌዎቹ ናቸው። ልጇ አዲስዓለም ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት፤ የአባቷን መሞት አልሰማችም። መርዶ ደግሞ በመንገድ አይነገርም። ሰው ከቤቱ ገብቶ፣ አድሮ፣ ጎህ ሲቀድ ዘመድ በተሰበሰበበት ነው የሚረዳው።

«እኔን ካየች ወዲያው ትጠረጥራለች» አሉ የሟቹ ታላቅ ወንድም ጋሼ ይርጋ። «አንቺ ግን ከሐዘን ቤት ተነሥተሽ ትመጫለሽ ብሎ ማን ያስባል? ድምፅሽም አልተዘጋ፣ ፊትሽም አልተነጨ።»

ይህን ለምስጋና ይበሉት ለነቀፋ ዝናሽ አልለየችውም። ሴቶቹ ደረታቸውን ሲደቁ እሷ ዝም ብላ መቀመጧን ደብረ ታቦር ሲያወራበት ነው የሰነበተው።

የሰፈሩ ሾፌር ሙሳ ዝናሽንና ጋሼ ይርጋን በሚኒባሱ ይዞ ወረደ። ከወረታ ወዲህ ሙቀቱ በረታ፤ ዝናሽ ግን ሻሿን ከግንባሯ ሸብ እንዳደረገች ነበር። ባሕር ዳር ሲደርሱ ጋሼ ይርጋ መኪናዋን ከግቢው በር ራቅ አድርገው አስቆሙና ከውስጥ ቀሩ።

«ሳይመሽ እንድንገባ ቶሎ በይ። ፈገግ እያልሽ አናግሪያት።»

አዲስዓለም እየሮጠች ወጣች። እናቷን አገላብጣ ስማ ስታበቃ ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«ይኼን ቀሚስ ማን ገዛልሽ? አባዬ ነው እንዳትዪኝ ብቻ።»

«ተውሼው ነው።»

ልጅቱ ሳቀች። ዝናሽ መኪና ይዘው እንደመጡ፣ አባቷን ትንሽ እንዳመመው፣ ሊያያት እንደፈለገ፣ ሽማግሌዎቹ ሲያስጠኗት እንደዋሉት አድርጋ ተናገረች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

«አባዬ እኮ ጉንፋን በያዘው ቁጥር የንስሐ አባቱን ያስጠራል» አለች አዲስዓለም። «ነገ ፈተና አለኝ እማዬ፣ የመጨረሻዬ ነው። እሱን ጥዬ ብመጣ ካልጋው ተነሥቶ ነው የሚገርፈኝ። ቅዳሜ በጠዋት ተሳፍሬ እመጣለሁ። አሁን ነይ፣ ዓሣ ልጋብዝሽ።»

ዝናሽ ይህን አላሰበችም። ሽማግሌዎቹም አላሰቡም። ልጅቱ እንዳትደነግጥ ሲጨነቁ፣ ሳትደነግጥ ብትቀርስ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ሐይቁ ዳር ካለች አንዲት ዳስ ተቀመጡ። አዲስዓለም የተጠበሰውን ዓሣ እሾህ እየለቀመች ለእናቷ አጎረሰቻት። ዝናሽ ጎረሰች። አፏ ውስጥ ጭድ ሆነባት፤ አላምጣ ዋጠችው።

«ለምረቃዬ ያንን ቡናማ ኮቱን እንዳይለብስ ንገሪው። ባለፈው ጓደኞቼ ካድሬ መስሏቸው መንገድ ለቀቁለት።»

«እነግረዋለሁ።»

የሙሳ መኪና ጥሩምባ ከሩቅ ተሰማ። ጋሼ ይርጋ ናቸው ያስነፉት። ዝናሽ እጇን ታጠበች።

«ልጄ፣ ዛሬውኑ እንሂድ።»

«እማዬ፣ ፊትሽን እያየሁት እኮ ነው። አባዬ ቢብስበት ኖሮ አንቺ እዚህ ቁጭ ብለሽ ዓሣ ትበያለሽ?»

ዝናሽ ትታት ብትሄድ፣ ከደብረ ታቦር የመጣ አንድ ተማሪ ነገ ከፈተናው ደጅ ነፍስ ይማር ይላታል። እንባ ይምጣልኝ ብላ ለመነች። ለቀስተኛው ሁሉ ዓይኗን እያየ ሲጠብቀው ያልመጣው እንባ አሁንም አልመጣም። ስለዚህ እጆቿን ወደ ራሷ አነሣችና ሻሿን ፈታችው።

ፀጉሯ የለም። የቀብሩ ዕለት ማታ በሯን ዘግታ፣ ያለመስታወት፣ በልብስ መቀስ የቆራረጠችው ነው። እዚህ ጎርበጥ እዚያ መላጣ ሆኗል። ለማንም አላሳየችውም ነበር።

አዲስዓለም አየችው። ዓሣ የያዘ እጇ ካለበት ቀረ።

«ቀበርነው ልጄ» አለች ዝናሽ።

ልጅቱ ከወንበሯ ስትወድቅ ዝናሽ አብራት መሬት ተቀመጠች። ጩኸቱን የሰሙ በላተኞች ምግባቸውን ጥለው ተነሡ፤ አንዲት የማያውቋት ሴት ነጠላዋን ታጥቃ መጥታ አብራቸው አለቀሰች። ጋሼ ይርጋ እየሮጡ ደረሱ።

«ምን አደረግሽ? ስንት ዘመድ ለንጋት ተጠርቶ!»

«ይምጡ፤ ያልቅሱላት» አለች ዝናሽ። «መንገሩን ግን እኔ ነግሬያታለሁ።»

ጋሼ ይርጋ የወንድማቸውን ልጅ ከመሬት ሲያዩ ጎንበስ ብለው ጫማዋን ፈልገው አጠለቁላት። ሙሳ «አላህ ያጽናሽ እህቴ» ብሎ በሩን ከፈተላት።

አባይን ተሻግረው ራቁ።

«መቼ ነው?» አለች አዲስዓለም።

«እሑድ።»

«እሑድ በስንት ሰዓት?»

«ከቅዳሴ በኋላ።»

አዲስዓለም አሰበች። «ሹሩባ እየተሠራሁ ነበር» አለች። «ከጓደኞቼ ጋር እየሳቅን።»

ጣቶቿን ሰድዳ ከጆሮዋ በላይ ያለውን ጉንጉን መፍታት ጀመረች። ጉንጉኑ አልፈታ አላት። ዝናሽ ወደ ራሷ አስጠጋቻት፤ በማዶ በኩል ያለውን ከጫፉ ያዘችና ትፈታ ገባች። ሐሙሲት ሲደርሱ የሹሩባው ግማሽ ገና ነበር።