ለመለዋወጫ የተገዛችው

ሹፌሯን የሥራ ባልደረቦቿ «ቀስ በቀስ» ይሏታል። የከተማ አውቶቡስ ስትነዳ የቆመ ተሳፋሪ ተንገዳግዶ አያውቅም፤ ፍሬን የምትይዘው እንቁላል እንደተሸከመ ሰው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ከአሮጌው መጋዘን ጀርባ ባለው ሜዳ ከመሰሎቿ ጋር ተሰልፋ፣ በሪሞት የምትታዘዘውን የእሽቅድምድም መኪናዋን እንደ ጥይት ትለቃታለች። መኪናዋ ከጫማ ካርቶን ብዙም አትበልጥም፤ ጉልበቷ ግን ጉድ ነው።

«ሳምንቱን ሙሉ ስትነጂ ሰንብተሽ ቅዳሜም መንዳት!» ይላታል ባሏ። መነጽር ሠሪ ነው። «እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ቁጭ ብዬ መነጽር ልጥረግ ብል ምን ትይኝ ነበር?»

«ያንተን ብትጠርገው እንኳ አይከፋም ነበር» ትለዋለች።

አንድ ቅዳሜ ታዲያ መኪናዋ መታጠፊያው ላይ ከተከመረው ጎማ ጋር ተላተመችና የፊት እግሯን የሚይዘው የፕላስቲክ ክንድ ቀንጠስ አለ። ሹፌሯ በሙጫ ሞከረች፣ በሽቦ አሰረችው፤ አልሆነም። የመለዋወጫ ሻጩም አየት አድርጎ ራሱን ነቀነቀ።

«ይቺን መሥራት ካቆሙ እኮ ቆዩ። የሷን አምሳያ አሮጌ ገዝተሽ ክንዱን ከዚያ መንቀል ነው እንጂ፣ ሌላ መላ የለውም።»

ስትፈልግ ሰንብታ ስልኳ ላይ አንድ ማስታወቂያ አገኘች። ያችው መኪና ነበረች፤ ከሥሯ «አትሠራም፣ ለመለዋወጫ ትሆናለች» የሚል ተጽፏል። ሻጩ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ጡረተኛ የሊፍት ጠጋኝ ሆነው ተገኙ። መኪናዋን በንጹሕ ፎጣ ጠቅልለው አመጡላት።

«ምን ሆና ነው አባባ?»

«እንጃ። አንድ ቀን ዝም አለች» አሉ፤ ዋጋም አልተከራከሩም። ሚስታቸው ከጓዳ ብቅ ብለው ጥቅሉን አዩና ወዲያው ተመለሱ።

ሹፌሯ ቤቷ ገብታ መኪናዋን የምግብ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፣ ካቻቪቴዋን አዘጋጀች፣ ክዳኑን አነሣች። ከዚያ እጇ ባለበት ቀረ። አሮጌ ዕቃ ሲከፈት አቧራና ፀጉር ነው የሚወጣው፤ የዚች ሆድ ዕቃ ግን እንደ ሙሽራ ቤት ያበራል። ብሎኑ ሁሉ ሙሉ፣ የማርሹ ጥርስ ሁሉ በቅባት የራሰ። ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ቀዩ ሽቦ ብቻ ለሁለት ተቆርጧል። ሁለቱም ጫፎች ደግሞ ለየብቻቸው በናስትሮ ተጠቅልለው ጥግ ይዘዋል።

«ና እስቲ ይቺን እይልኝ» አለችው ባሏን።

ባሏ የሥራ ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ አጎነበሰ፤ ናስትሮውን ፈታ አድርጎ አየ። «በመቀስ ነው የተቆረጠው። ፒንሳ ቢሆን ይጨፈልቀው ነበር። ናስትሮው ግን የባለሙያ እጅ ነው፤ አጠቃለሉን አየሽው?»

«ታዲያ ማን ነው ቆርጦ ሲያበቃ ቁስሉን የሚያስር?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ? ክንድሽን ንቀይና ተኚ።»

አልነቀለችም። ሽቦውን ገመደችው፣ ባትሪ ሰካች፣ የሪሞቱን ምላስ ሳብ ስታደርገው መኪናዋ እዝዝ ብላ ተስፈንጥራ ከጠረጴዛው ልትወድቅ ስትል ባሏ በሆዱ ያዛት። ደህና ነበረች! እንዲያውም ከተሰበረችው ሳትሻል አትቀርም። አሁን ደግሞ ነገሩ የባሰ ከነከናት። ደህናዋን መኪና ማን ገደላት? ገድሎስ ለምን ገነዛት? በማግስቱ አውቶቡሱን እየነዳች ይህንኑ ስታሰላስል ፌርማታ አለፋት፤ «ወራጅ አለ እኮ! ኧረ ወራጅ!» የሚለው ጩኸት ነው ያነቃት። ቀስ በቀስ ፌርማታ ዘለለች ተብሎ ጋራዡ ውስጥ ሲሳቅ ዋለ።

ከሥራ ስትወጣ መኪናዋን ፎጣው ውስጥ መልሳ ወደ ሽማግሌው ቤት ሄደች። በሩን የከፈቱላት ሚስትየዋ ናቸው። «እሱ መድኃኒት ሊገዛ ወርዷል» አሉና ጥቅሉን አይተው ፊታቸው ተለወጠ። «ምነው፣ መለስሻት?»

«ኧረ አልመለስኳትም እማማ። አንድ ነገር ልጠይቅ ብዬ ነው። ሽቦዋን ሰው ቆርጦታል።»

ሴትየዋ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ወደ በሩ አየት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እኔ ነኝ። ሐኪሙ ልብህ ደክሟል፣ ሩጫ ይቅርብህ አለው። እሱ ግን ሜዳ ወስዶ ይለቃትና ከኋላዋ እንደ ጥጃ ይሮጣል። ትገለበጣለች፣ ሮጦ ያቃናታል፤ ደግሞ ትገለበጣለች። አንድ ቀን ከንፈሩ ጠቁሮ ገባ። ሲተኛ ጠብቄ መቀሴን አነሣሁ፤ ምን ላድርግ? ሲነሣ ሞከራት፣ ሞተሯ ተቃጥሏል አለኝ፣ አለቀ። እሱ አያውቅም። አደራሽን!»

«ናስትሮውንስ እርስዎ ነዎት የጠቀለሉት?»

«የምን ናስትሮ? ቆርጬ ክዳኑን ገጠምኩ፣ በቃ።»

ሹፌሯ መኪናዋን ጠረጴዛው ላይ አኑራ፣ ክዳኗን ከፍታ የናስትሮውን ቁራጭ አሳየቻቸው። ሴትየዋ ቁራጩን በጣታቸው ይዘው ብዙ አዩት። ከዚያ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

በዚህ መሐል ሽማግሌው የመድኃኒት ከረጢታቸውን አንጠልጥለው ገቡ። እንግዳዋን አዩ፣ የሚስታቸውን ፊት አዩ፣ ጠረጴዛው ላይ ክዳኗን ከፍታ የተቀመጠችውን መኪና አዩ።

«አውቀህ ነበር?» አሉ ሚስትየዋ።

«ዕድሜዬን ሊፍት ስጠግን ኖሬ የተቆረጠ ሽቦ ይጠፋኛል?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ፣ አንተ ሰውዬ?»

«ልቀጥላት ፒንሳ አንሥቼ ነበር። ኋላ ሳስበው ጊዜ ፈርተሽ ነው። አንቺ ቤት ቁጭ ብለሽ እየተሳቀቅሽ እኔ ሜዳ ብፈነጭ ምን ይጥመኛል? ሽቦው እርስ በርሱ እንዳይነካካ ጠቀለልኩትና ተውኩት።»

«ሞተሯ ተቃጥሏል አልከኝ እኮ!»

«አንቺስ ‹እኔ ስለ መኪና ምን አውቄ› አላልሽኝም?»

ሴትየዋ ሊስቁ ጀምረው መሐል ላይ እንባቸው መጣ። ሹፌሯ የት እንደምትገባ ጨነቃት። ዝም ማለቱም አላምር ሲላት አፏ ላይ የመጣውን ተናገረች።

«እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንሽቀዳደም እኮ ማንም አይሮጥም። ነጂው ካለበት ንቅንቅ አይልም። የተገለበጠችውን የሚያቃና ሌላ ሰው ነው።»

«ቁጭ ተብሎም ይነዳል?» አሉ ሚስትየዋ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

«ወንበር አመጣለሁ።»

«የሸጥኩትን ዕቃ ምን ብዬ ልንዳ?» አሉ ሽማግሌው። እጃቸው ግን ያለ ፈቃዳቸው ከመኪናዋ ጎማ አንዱን እያሽከረከረ ነበር።

«በተራ እንነዳታለና አባባ! የኔዋ እንደሆነ ተሰብራ ተኝታለች።»

ቤቷ ስትመለስ ባሏ ነገሩን ሰምቶ ጥቂት አሰበ። «ቆይ፣ ለመለዋወጫ የገዛሻት ልትነዳ ነው፤ ስትነዳ የነበረችው መለዋወጫ ልትሆን?»

«ተለዋወጡ» አለችው።

ቅዳሜ ከሰዓት ሽማግሌው በታጣፊ ወንበር ላይ ሪሞቱን ታቅፈው ተቀመጡ። ሚስታቸው ጎናቸው ናቸው፤ እጃቸውን አጣምረው፣ ዓይናቸው ከመኪናዋ ይልቅ በባላቸው ከንፈር ላይ። መኪናዋ ቀጥ ባለው መንገድ ተፈተለከች፣ የመጀመሪያውን መታጠፊያ እንደ ቅቤ ቆረጠችው፣ ሁለተኛው ላይ ተንከባልላ በጀርባዋ ቀረች፤ ጎማዎቿ ወደ ሰማይ ይሽከረከራሉ።

ሽማግሌው ብድግ ሊሉ ሲሉ ሚስታቸው ጉልበታቸውን ጫን አደረጉት።

«ተቀመጥ!»

ሹፌሯ ልትሄድ ስትነሣ እሷንም በእጃቸው አስቆሟት። ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ራሳቸው ወደ ሜዳው ገቡ። ሌሎቹ ነጂዎች መኪኖቻቸውን አቁመው ጠበቋቸው። ሴትየዋ አጎነበሱ፣ እየተንዘረዘረች ያለችውን መኪና በሁለት ጣት አንሥተው ወዲያና ወዲህ አገላበጧት።

«አንተ!» ብለው ከመሐል ሜዳው ተጣሩ። «ፊቷ በየት በኩል ነው?»