የሚስተር ጊዮርጊስ ዲግሪ

«ማስተርሳቸውን ልጻፈው ወይስ ልዝለለው?»

ጋሽ ሀብተ ማርያም ሠናይትን ይህን የጠየቋት ፍራሹ ጫፍ ላይ ተንበርክከው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። የእድሩ ጸሐፊ ናቸው፤ በሰፈሩ ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩን የሚጽፉትም የሚያነቡትም እሳቸው ናቸው። የባሏ የደምመላሽ ግን ቀብሩ ላይ አልተነበበም። አስከሬኑ ከጅማ ሆስፒታል ቦንጋ ሲደርስ ጀምበር አዘቅዝቃ ነበር፤ ዝናቡም ፋታ አልሰጥ ስላለ ፍትሐቱ እንዳበቃ ተቀበረ። ስለዚህ ነገ በሣልስቱ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ድንኳኑ ውስጥ ይነበባል ተብሏል።

ሠናይት ወረቀቱን ተቀበለቻቸው። ባሏ ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኗ ነው። እንባዋ ያለ ድምፅ ይወርዳል እንጂ እንደ ወጉ አልጮኸችም፣ ደረቷን አልደቃችም፤ ይህም ራሱ ሳያሳማት አልቀረም። ወረቀቱ ላይ ጎጃም መወለዱ አለ፤ ዋጫ ተመድቦ አማርኛ ማስተማሩ አለ፤ ወደ ዞኑ መሥሪያ ቤት በባለሙያነት መዛወሩ አለ። ከዚያ «በ2005 ዓ.ም. የማስተርስ ዲግሪያቸውን» ይልና እስክሪብቶው ቆሟል።

አቶ ሰብሃት ምን እንዳሉ ጠየቀቻቸው። አቶ ሰብሃት የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ናቸው፤ ድንኳኑ ውስጥ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«‹በተለያዩ የሙያ ሥልጠናዎች ተሳትፈዋል› ቢሉት ይበቃል አሉኝ። ሙት ወቃሽ እንዳንሆን ነው፣ ልጄ።»

ደመወዝተኛ ሆኖ «የተለያዩ ሥልጠናዎች» የሚለው ቃል ምን እንደሚሸፍን የማይገባው የለም። ያ ከተነበበ ሟቹ አጭበርባሪ ነበር፣ ሚስቱም ይህን ተቀብላለች ማለት ነው። ማስተርሱ ከተነበበ ደግሞ ከኋላ ወንበር ሳቁን የሚያፍን አይጠፋም። የደምመላሽ ዘመዶች የሁለት ቀን መንገድ ርቀው ነው ያሉት፤ እዚህ የሚያለቅስለት የመሥሪያ ቤቱ ሰው ነው፤ የሚያማውም ያው የመሥሪያ ቤቱ ሰው ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የደምመላሽ ስም ከመቃብር በላይ መዋል አለመዋሉ የሚለየው ነገ ነበር።

«ወረቀቱ እኔ ጋ ይደር» አለቻቸው።

ነገሩ የጀመረው በማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። አዲሱ የሥራ መደብ ማስተርስ ይጠይቃል የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ደምመላሽ ጅማ ሄዶ ልማር ቢል ፈቃድ ተከለከለ፤ ሥራ በዛ ተባለ። አንድ ቅዳሜ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ሲወጣ ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆኖ ነበር። ስሙን ሰምቶ የማያውቀው የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ፣ የአሥራ አራት ዓመት የሥራ ልምድህ የኮርሱን ግማሽ ይተካልሃል፣ የቀረውን እቤትህ ሆነህ ትጨርሳለህ ብሎታል። ሽበታም ፕሮፌሰሮች፣ የታጨደ ሣር፣ ጥቁር ካባ የለበሱ ተመራቂዎች በፎቶ አይቷል። ሠናይት ስልካቸውን የሚያነሳ ሰው መኖሩን ጠይቃው ነበር። በጽሑፍ ነው የሚያወሩት አላት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ፤ ደምመላሽ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ የአማርኛ አስተማሪ ነበርና የተጻፈ ነገር መጠርጠር አይሆንለትም።

የከፋው ነገር መማሩ ነው። ሌላው ሰው ወረቀት ገዝቶ ዝም ይላል፤ እሱ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ተማረ። በቢታ ገነት ዙሪያ ሴት ተማሪዎች በቡና ለቀማ ወራት ለምን ከትምህርት እንደሚቀሩ ሊያጠና በየመንደሩ በእግሩ ዞረ። አማርኛ ከማይሰሙ እናቶች ጋር በልጆቻቸው አስተርጓሚነት እየተነጋገረ ማስታወሻ ያዘ። ዘጠና ሁለት ገጽ ወጣው። የላከው ዕለት፣ ገና ከኢንተርኔት ቤቱ ሳይወጣ፣ «እጅግ በጣም ጥሩ» የሚል መልስ መጣለት። ፈረንጅ ሥራ አያሳድርም እያለ እየሳቀ ወደ ቤቱ ገባ።

ዲግሪው በፖስታ ሲመጣ ስሙ ተዘበራርቋል። ቅጹ የቤተሰብ ስም ስለሚጠይቅ፣ የአባቱን ስም ወልደ ጊዮርጊስን ለሁለት ሰንጥቀው «ሚስተር ጊዮርጊስ፣ ደምመላሽ ወልደ» ብለውታል። መሥሪያ ቤቱ በዚህ አንድ ወር ሳቀ። «ሚስተር ጊዮርጊስ ገቡ?» ይሉታል በር ላይ፤ እሱም አብሯቸው ይስቃል። አስተካክሉልኝ ብሎ ቢጽፍ ለእርማት ሌላ ክፍያ ጠየቁት። ከፈለ። ከዚያ በኋላ የሚልከው ደብዳቤ ሁሉ አድራሻው የለም እየተባለ ይመለስበት ጀመር።

ሳቁ የቆመው የሠራተኛው ማስረጃ ሁሉ ይጣራ የተባለ ጊዜ ነው። ትምህርት ቤቱ እውቅና የለውም፤ እንዲያውም ሕንፃ የለውም፤ አድራሻው የፖስታ ሣጥን ነው። አጣሪ ኮሚቴው እዚህ ላይ ቢያበቃ ደምመላሽ ተታለለ ተብሎ ያልፍ ነበር። ነገር ግን ስሙን አዩት። ጊዮርጊስ የሚባል የሌላ ሰው ዲግሪ አምጥቶ በስሙ ሊያስመስል ነው አሉ። የተበደለው ሰው በዳይ ሆኖ ተጻፈ።

የቅጣቱን ደብዳቤ በኮምፒውተር የጻፈችው ሠናይት ናት። የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ናትና ረቂቁ ጠረጴዛዋ ላይ መጣ፤ አቶ ሰብሃት ራሳቸው አምጥተው፣ ዓይኗን ሳያዩ አስቀምጠውት ወጡ። «ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ ማቅረብዎ ስለተረጋገጠ» ይላል። እንቢ ማለት ትችል ነበር፤ አላለችም። እንጀራዬ ነው አለች፣ ጻፈችው። ቀድማ ሄዳ እንኳ አልነገረችውም፤ በመዝገብ ቤት በኩል ፈርሞ ተቀበለው።

ማታ ደብዳቤውን ገበታው ላይ ዘረጋውና ብዙ አየው።

«ሐሰተኛን በሐመሩ ሐ ነው የጻፍሽው» አላት። «ጎበዝ። ብዙ ሰው ይሳሳትበታል።»

ቢሰድባት፣ ቢመታት ትመርጥ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሦስት ወር ነው የኖረው። ከደረጃው ዝቅ ብሎ ወደ መዝገብ ቤት ተመደበ፤ ከሰው ራቀ፤ የደም ግፊቱን ኪኒን መዋጥ ይረሳል፣ ወይም ይተዋል፤ የትኛው እንደሆነ ሠናይት ዛሬም አታውቅም። አንድ ቀን ብቻ፣ ሸሚዙን እየቆለፈ፣ «ዘጠና ሁለት ገጽ በአሥራ አንድ ደቂቃ ይነበባል?» ብሎ ጠየቃት። ሰዓቱን ከመልእክቶቹ ላይ አስልቶት ነበር።

በሣልስቱ ጠዋት ለቀስተኛው ከየወረዳው ገባ። ሠናይት እስክሪብቶ ለምና ያንን የቆመ ዓረፍተ ነገር ሰረዘችው፤ ከበላዩ ሌላ ጽፋ ለጋሽ ሀብተ ማርያም ሰጠች። አነበቡት። ደግመው አነበቡት።

«ይህን ሕዝብ ፊት ላንብበው?»

«ያንብቡት፣ ጋሼ። እኔ ነኝ ያልኩት።»

ሽማግሌው ድንኳኑ መሐል ቆመው፣ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ከጎጃም እስከ ዋጫ በለመዱት ዜማ ወረዱ። እዚያች ቦታ ሲደርሱ ድምፃቸው ተለወጠ። «አቶ ደምመላሽ ማስተርስ ለመማር ሁለት ዓመት ደክመዋል። ዩኒቨርሲቲ ነኝ ያላቸው ግን ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። ተታለዋል እንጂ አላታለሉም። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ሚስታቸው ነኝ፤ ውሸት መሆኑንም እያወቅሁ ጽፌዋለሁ።»

የሳቀ አልነበረም። አቶ ሰብሃት የጫማቸውን ጭቃ ሲያዩ ቆዩ፤ ንባቡ ሳያልቅ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ጋሽ ሀብተ ማርያም ቀሪውን በችኮላ ጨረሱት።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዲት ልጅ እግር መምህርት ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባች። ሩሀማ ትባላለች፤ ዘንድሮ ከሐዋሳ ተመድባ ቢታ ገነት የምታስተምር ናት፤ ከመምህራኑ ጋር ለቅሶ ልትደርስ በማለዳው አውቶቡስ መጥታለች። ሠናይት አታውቃትም። ልጅቱ ፍራሹ አጠገብ ቆመች፤ እንደ ሌላው ሰው አጽናንታ መሄድ ሲገባት ቆማ ቀረች።

«እትዬ ሠናይት» አለች፣ «የዩኒቨርሲቲው ስም ማን ነበር?»

ሠናይት ነገረቻት።

ሩሀማ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እንደተመዘገበች፣ የላከችውም ገንዘብ ከእናቷ የተበደረችው እንደሆነ፣ ማመልከቻዋን በላከች በግማሽ ሰዓት ተቀብለንሻል ሲሏት በደስታ እንዳለቀሰች በተቆራረጠ ቃል አወራች። ለአራት ጓደኞቿም ነግራቸዋለች።

«እነሱ ከፍለዋል?»

«የፊታችን ሰኞ ነው የሚልኩት።»

«ዛሬውኑ ደውይላቸው። እውቅና እንዳለው ትምህርት ሚኒስቴር ሳይጠይቁ ሳንቲም እንዳያወጡ።»

ሩሀማ ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ደጅ ያሉት ሴቶች ድምፁን ሲሰሙ ለሟቹ መስሏቸው አብረው ጮኹ። ሠናይት ከግድግዳው ጋር ተጠግታ ፍራሹ ላይ ቦታ ለቀቀችላት፤ ልጅቱን ክንዷን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠቻት።

«እግዜር ያጽናሽ» አለቻት፣ በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ እያለቀሰች።