የኮመጠጠው ጉድጓድ

ወለተጊዮርጊስ አራተኛውን ክብሪት ጭራ ወደ ምድጃው አስጠጋች። የሚወጣው ጋዝ ክብሪቱን እፍ ብሎ አጠፋባት።

"አየኸው? መንደድ ቀርቶ እሳቱን ያጠፋዋል።"

ራምዚ ከቡታጅራ በሞተር የመጣ የባዮጋዝ ባለሙያ ነው። ጓሮ ወጥቶ እበት ተብላልቶ ጋዝ ከሚሆንበት ጉድጓድ ዝቃጭ በጣሳ ጨለፈና አሲድ የሚለይ ትንሽ ወረቀት ነከረበት። ወረቀቱ ብርቱካንማ ሆነ።

"ኮምጥጧል። ምን አበሉት፣ እትዬ?"

"ያው እበት ነዋ።"

"እበት ብቻ?"

ጉድጓዱን የቆፈረው ባሏ ሀብተወልድ ነበር። በየማለዳው ሁለት ባልዲ እበት በውሃ በጥብጦ ይጨምርበታል። እሱ ከሞተ ሦስተኛ ወሩ ነው። ለተዝካሩ ከሁለቱ ላሞች አንዷ ስትሸጥ፣ የጉድጓዱ ቀለብ እንዳይጎድል ብላ የእንሰት ፍቅፋቂ ትጨምርበት ጀመር። እሳቱ ሲደክም ደግሞ የምታውቀውን አደረገች፤ ቆጮ አልብላላ ሲላት እንደምታደርገው።

"ፍቅፋቂና እርሾ ጨመርኩበት" አለች በመጨረሻ።

"የምን እርሾ?"

"የቆጮ ነዋ! ሁለት ጊዜ።"

ራምዚ ሳቁን መያዝ አቃተው።

"አትሳቅብኝ! ቆጮን የሚያበስለው እሱ አይደል?"

"ቆጮማ መኮምጠጥ አለበት። እዚህ ውስጥ ግን በዓይን የማይታዩ ሁለት ዓይነት ሠራተኞች አሉ። አንዶቹ ያኮመጥጣሉ፤ ፈጣን ናቸው። ሌሎቹ ያንን አሲድ እየበሉ ለጋዝ ያበቁታል፤ እነሱ ዝግተኞች ናቸው። እርስዎ ፈጣኖቹን አገዙ፣ ዝግተኞቹ አሲድ ውስጥ ሰጠሙ።"

"ገደልኳቸው በለኛ።" ወደ ጉድጓዱ ዞረች። "ልጄ ደረጄ ለመስቀል ሲመጣ፣ ካልነደደ በአፈር እሞላዋለሁ ብሏል። የአባቱን ልፋት!"

መስቀል ሃያ ቀን ቀርቶታል።

"ሁሉም አልሞቱም። ሁለት ሳምንት ምንም እንዳያበሉት። ከጤነኛ ጉድጓድ አሥር ጀሪካን ዝቃጭ አምጥተው ይጨምሩበት።"

ጤነኛ ጉድጓድ ያላት ጎረቤቷ ሳሌሃ ናት። ወለተጊዮርጊስ በአህያ ጋሪ ጀሪካን ጭና ስትደርስ ሳሌሃ ወገቧን ይዛ ጠበቀቻት።

"ሰው ጨው ይዋሳል፣ አንቺ እበት!"

"ስጪኝና ዝም በይ።"

"ወላሂ ለአገሩ ሁሉ ነው የማወራው። ይሄንንም የቆፈረልኝ ባልሽ ሀብቴ አይደል? አሥር አይበቃሽም፣ ሃያ ውሰጂ።"

ሁለቱም እስከ ክንዳቸው ተለቃልቀው ተሳሳቁ። ወለተጊዮርጊስ ከሐዘኑ ወዲህ እንዲህ ስቃ አታውቅም።

የከበዳት አለማብላቱ ነበር። በየማለዳው እጇ ወደ ባልዲው ይሄድና ይመለሳል። ሳሌሃ በአጥር ላይ አንገቷን አውጥታ "ዛሬም ጾም ነው?" ትላታለች።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ክብሪት ጫረች። ምድጃው ዙሪያውን ሰማያዊ ሆኖ ነደደ። ድስት መጣድ ረስታ ቆማ አየችው። ከዚያ ራምዚ ዘንድ ደወለች፤ "ከዛሬ ጀምሮ እበት ብቻ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ያብሉት" አላት።

በማግስቱ ጓሮ ሳለች ደረጄ ደወለ።

"ነደደ የሚሉት እውነት ነው፣ እማዬ?"

"ቁርሴን ሠርቼበታለሁ። አሁን አንድ ባልዲ እያበላሁት ነው።"

"አንድ ብቻ? አባባ እኮ ሁለት ነበር የሚጨምረው።"

"አባትህ ሁለት ላም ነበረው።"

"እና እንደ እሱ አታደርጊም?"

ወለተጊዮርጊስ ከእግሯ ሥር የተቆለለውን የእንሰት ፍቅፋቂ አየች።

"አሁን የማበላው እኔ ነኝ" አለችና ስልኩን ዘጋች። ፍቅፋቂውን አቅፋ ወስዳ ለላሟ ሰጠቻት።