ሯጭ ደግሰው የመረጠው ሥዕል

መስታወት ሥዕል የተማረችው ከአባቷ ከመሪጌታ አሥራተ ማርያም ነው፤ እሳቸው የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እየሳሉ ስድስት ልጅ ያሳደጉ ሰው ናቸው። እሷ ግን ቅዱሳኑን ለአባቷ ትታ፣ ከአበርገሌ በሚመጣ የፍየል ቆዳ ላይ የገበያ ሰው፣ የጭነት አህያና የሰቆጣን ዳገት ትስላለች። ሥራዋ ቢያምርም ከከተማው ውጭ የሚያውቃት አልነበረም።

በ2000 ዓ.ም. የአጎራባቹ የደሃና ወረዳ ተወላጅ፣ ዝነኛው ሯጭ ደግሰው፣ ትምህርት ቤት ሊመርቅ ሰቆጣ መጣ። በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ከተሰቀሉት የመስታወት ሥዕሎች በአንዱ ፊት ቆሞ ሲስቅ ጓንጉል ፎቶ አንሺው አነሳው። ኢንተርኔት ቤት ያላት ጓደኛዋ ዓይናዲስ ፎቶውን ካየች ወዲህ አላስቀምጥ አለቻት።

«ድረ ገጽ እከፍትልሻለሁ። ይህን ፎቶ ከላይ እናደርግና ከሥሩ ‹ሯጭ ደግሰው የመረጠው ሥዕል› ብለን እንጽፋለን።»

«መርጦታል እንዴ?»

«ፊቱ ቆሞ ሲስቅ አይታይሽም? ከዚህ ወዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?»

መስታወት ለድረ ገጹ የሚሆኑ ሥዕሎቿን መርጣ ሰጠቻት። ድረ ገጹም ተከፈተ።

በሁለት ወር ውስጥ ከአዲስ አበባ ሁለት ሰዎች ሥዕል አዝዘው ወሰዱ። ቀጥሎ የመጣው ግን የሯጩ ጠበቃ ደብዳቤ ነበር፤ ፎቶው ባስቸኳይ ካልወረደ ክስ እንደሚመሠረት ይናገራል። በዚያው ሳምንት ጓንጉልም አኩርፎ መጣ።

«ያነሳሁት እኔ፤ የምትነግዱበት እናንተ። ማን ጠየቀኝ?» አለ።

መስታወት ደብዳቤውን ይዛ ወደ ጡረተኛው ዳኛ፣ ወደ አያ ገብረ አምላክ ሄደች። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«አያ፣ ሰውየው እኮ ዝነኛ ነው። ፎቶው በየጋዜጣው አለ። የኔን ምን ለየው?»

«ጋዜጣው ‹ትምህርት ቤት መረቀ› ብሎ ቢያወጣው ወሬ ነው፤ ዝነኛ ሰው ከወሬ አያመልጥም፣ ሕጉም ይፈቅዳል። አንቺ ግን ያወጣሽው ልትሸጪበት ነው። መልኩ የራሱ ነው። ፎቶው ደግሞ የጓንጉል ሥራ ነው። የሁለቱንም ፈቃድ፣ ያውም በጽሑፍ፣ መያዝ ነበረብሽ።»

«ሥዕሉስ?»

«ሥዕሉማ ያንቺ ነው። ያንቺ የሆነውም እሱ ብቻ ነው።»

በዚያኑ ዕለት ዓይናዲስ ፎቶውን አወረደች። የመስታወት ልብ ግን አላረፈም፤ ይቅርታ ልትጠይቅ ደብዳቤው ላይ ወዳለው ስልክ ደወለች። ጠበቃው ከሦስት ቀን በኋላ ከራሱ ከደግሰው ጋር አገናኛት።

«እህቴ፣ አልተቀየምኩም» አላት። «ግን ከጫማ ድርጅት ጋር ውል አለኝ፤ እነሱ ሳይፈቅዱ ስሜን ለሌላ ማስታወቂያ መስጠት አልችልም።»

«ገብቶኛል ወንድሜ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ሥዕሉን ወደድከው?»

«እውነቱን ልንገርሽ? እዚህ ቁም አሉኝ፣ ቆምኩ። ዞሬም አላየሁት።»

ከክሱ ማስፈራሪያ ይልቅ ይህ አመማት።

«ለገዙት ሰዎች እውነቱን ልጽፍላቸው ነው» አለች ለዓይናዲስ።

«አብደሻል? ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም። ግን እሱ ሥራዬን የመረጠው መስሏቸው ነው የወሰዱት።»

ሯጩ በፎቶው ላይ ያለውን ሥዕል እንዳልመረጠው፣ ያልፈለገ ሰው መልሶ ገንዘቡን መውሰድ እንደሚችል ጽፋ ላከች። አንደኛው ገዢ ያለ አንዳች ቃል ሥዕሉን ጠቅልሎ በአውቶቡስ መለሰው። ሁለተኛዋ አስተማሪ ነበሩ። «ሯጩን አላውቀውም፤ እኔ የወደድኩት ጭነቱ ያዘመማትን አህያ ነው» ሲሉ መለሱላት። መስታወት ይህን ለአባቷ ሁለት ጊዜ አነበበችላቸው።

ከዚያ ወዲህ ድረ ገጹ ላይ የሚታዩት ሥዕሎቿ ብቻ ናቸው። ጓንጉል በወረቀት ተፈራርሞ ያነሳቸዋል፤ ስሙም ከሥራቸው ይጻፋል። ጠያቂ ቀንሷል፤ በወር አንድ ከተገኘ ብዙ ነው። ስለ አንድ ሥዕል ቀለም የሚጠይቅ ሰው ሲጽፍላት ግን፣ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጣ ትመልስለታለች።