ከቋጠሮው በላይ የበቀለ ሥር

ፀጉር አስተካካዩ ከመስተዋቱ ሥር፣ ከማበጠሪያውና ከመላጫው ጎን፣ ሁለት ጠርሙስ ጭቃ አስቀምጦ ግራ ገብቶታል። አፈሩን ከግቢያቸው ያመጣው ራሱ ነው። የአፈሩ ዓይነት እንዲለይ ችግኝ ሻጩ እንዳዘዘው ውሃ ጨምሮ ወዘወዘና አስቀመጠው። ከበሩ አጠገብ የተወሰደው ወዲያው አሸዋው ዘቅጦ ጠራ። ከወደታች የተወሰደው ግን እስካሁን እንደደፈረሰ ነው። የአንድ ግቢ አፈር ነው እንግዲህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኃይለኛ ነፋስ በነፈሰ ማግስት፣ አባቱ ከግቢው ወደታች የተከለው የፖም ዛፍ ተጋድሞ ተገኘ። ፖም ከሁለት ዛፍ የሚሠራ ነገር ነው። ከላይ ፍሬው የሚወደደው፣ ከታች ሥሩ የሚፈለገው ይገጠማል፤ የተጋጠሙበት ቋጠሮ ደግሞ ከአፈር በላይ መታየት አለበት። አባትየው፣ ነፍሱን ይማርና፣ "ቋጠሮውን አፈር እንዳታለብሺው" ሲል አፉ አይደክምም ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ ግን እናት ብርድ ይመታዋል እያለች በየዓመቱ አፈር ስትከምርበት ኖረች። ዛፉ ሲወድቅ "እኔ ነኝ የገደልኩት፤ ከእሱ የቀረኝን አንድ ነገር" ብላ ተኛች። እህል ካፏ አልገባም አለ።

ለልጅየው ለፀጉር አስተካካዩ የታየው መላ አንድ ብቻ ነው፤ ከወደቀው ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ አዲስ ሥር ላይ ማዳቀል። ቅርንጫፎቹ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። የትኛው ሥር ላይ እንደሚያዳቅላቸው ግን የሚያውቅ ጠፋ።

የጠፋው የሚያውቅ እንጂ የሚናገርማ ሞልቷል። "ዛፉን የሚያሳጥረውን፣ አጭሩን ሥር ውሰድ፣ ቶሎ ያፈራል" አለ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ጡረተኛ። "አጭሩ ለደካማ መሬት አይሆንም፣ ረጅሙን ነው" አለ ባለታክሲው። "ውሃ በሚተኛበት መሬት ሁለቱም ይበሰብሳሉ" አለ ሦስተኛው፣ ፀጉር እንኳ የሌለው ሰውዬ። ፀጉር አስተካካዩ የሁሉንም ሲያዳምጥ የጡረተኛውን ሪዝ በአንድ በኩል አሳጥሮት አረፈ።

በመጨረሻ ችግኝ ሻጩን ለምኖ ቤት ድረስ ወሰደው።

"ጋሼ፣ ጨርሶ ዞሮብኛል። አንዱን ይምረጡልኝ።"

"ለላይኛው አሸዋ ሥሩን ርቆ የሚሰድ፣ ለታችኛው ጭቃ ውሃ የሚችል። አባትህ የተከሉት የቱን ነበር?"

"እንጃ።"

"እንግዲያው ቆፍረን እንየው።"

እናት ብርድ ልብሷን እንደደረበች ወጥታ በሩን ተደግፋ ቆመች። ሬሳ የሚወጣ ይመስል ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

ችግኝ ሻጩ የተከመረውን አፈር ገፈፈ። ቋጠሮው ብቅ አለ። ከቋጠሮው በታች ያለው ሥር ጠቁሮ በእጅ ሲነካ ይፈረፈራል። ከቋጠሮው በላይ ግን፣ እናት አፈር ባለበሰችው ቦታ፣ ቀያይ ሥሮች ጭቃውን ጨብጠው ይዘዋል። ከእነሱም አጠገብ፣ ከዚያው ግንድ፣ አንድ ቀጥ ያለ ቡቃያ ወጥቷል። ልጅየው ይባስ ግራ ገባው።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"አባትህ የተከሉት አጭሩን ነው። ጥሩ መሬት ቢያገኝ ጥሩ ነበር፤ ውሃ የተኛበት ጭቃ ግን አይችልም። ከበሰበሰ ቆይቷል።"

"ታዲያ እስካሁን በምን ቆመ?"

ሰውየው ወደ በሩ ዞረ። "እናቴ፣ እርስዎ በከመሩት አፈር ነው። የላይኛው ዛፍ የራሱን ሥር አወጣ። ይህ ቡቃያ ያው የባለቤትዎ ፖም ነው፤ ይህንን ጭቃም ለምዶታል። ሌላ ሥር አያሻውም።"

እናት ከልጇ አፍ ካልሰማች የምታምን አይደለችም። "አልገደልኩትም ነው የሚለው?"

"አልገደልሽውም፣ እማዬ። አባባ ነው ሥሩን ሲመርጥ የተሳሳተው።"

ቀስ ብላ መጥታ ጉድጓዱ አጠገብ ተቀመጠች። ቡቃያውን ነካ አደረገችው።

"ድሮም እሱ የገዛልኝ ጫማ ልኬ ሆኖ አያውቅም" አለች። ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። "የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። እኔ ደግሞ ራሴን ስረግም ሰነበትኩ።"

ከዚያም ማንንም ሳትጠይቅ አፈሩን በሁለት እጇ እየዛቀች የቡቃያውን እግር ትሸፍን ጀመር። ችግኝ ሻጩ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተና ተወው።

"በሉ ቤት ግቡ" አለች እጇን እያራገፈች። "ርቦኛል።"