ሹፌሩ የሚያሸንፍበት ኮምፒውተር

ሠላሳ አንድ ዓመት አገር አቋራጭ አውቶቡስ የነዳ ሰው፣ ስትሮክ ቀኝ ጎኑን ከመታው ወዲህ የሾርባ ማንኪያ መንዳት አቃተው። ይህን ያለው እሱ ራሱ ነው። ጠያቂ ሲመጣ፣ ሰው እንዳያዝንለት ቀድሞ በራሱ ይቀልዳል። እንግዳው ይስቃል፣ ሚስቱ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች፣ ልጁ ደግሞ ማየቱ ያቅታትና ወደ ሥራዋ ትሮጣለች።

ልጁ ኮምፒውተር ጠጋኝ ናት። "ኢንጂነሯ" ይላታል። ኢንጂነር የሚያሰኝ ወረቀት የላትም፤ እጅ ግን አላት። ሌሎቹ ጠጋኞች ገንዘው ያስቀመጡትን ማሽን እሷ ነፍስ ትዘራበታለች። የአባቷን እጅ ግን እንደ ማሽን ፈትታ አታየው ነገር፤ ይሄ ነበር የሚያንገበግባት።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ጣቶቹ ሥራ እንዳይፈቱ አደራ ብላ የላስቲክ ኳስ ሰጥታው ነበር። ሹፌሩ ኳሷን ሦስት ቀን ጨመቃትና ሶፋ ሥር ወረወራት። ያኔ ነው ልጅቷ የድሮው የመኪና ውድድር ጌም ትዝ ያላት። ትንሽ ልጅ ሳለች አባቷ ከመንገድ ሲመለስ ቴሌቪዥኑ ፊት ምንጣፍ ላይ ተጋድመው ይጫወቱት ነበር። የጌም ማሽኑ ከተበላሸ ዘመን ሆኖታል፤ አሁን ግን ኮምፒውተሩን ልክ እንደዚያ ማሽን የሚያስመስል ኢሙሌተር የሚባል ፕሮግራም አለ። ሳሎን ጥግ አቧራ ለብሶ የኖረው ኮምፒውተር ላይ ጫነችና የጌሙን መንጃ፣ ጆይስቲኩን፣ አስጨበጠችው።

ኢሙሌተር ደግሞ የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ፕሮሰሰሩን፣ ይበላል። ያ ሽማግሌ ኮምፒውተር የሚያበላው አልነበረውም። መኪኖቹ ጭቃ ውስጥ እንደገቡ ይጎተታሉ፣ ሙዚቃው ባትሪው እንዳለቀ ሬዲዮ ያላዝናል። ስክሪኑ ጥግ ላይ የጌሙን ፍጥነት የሚናገር ትንሽ ቁጥር አለ፤ ሃምሳ አራት ፐርሰንት ይላል። ልጅቷ አፈረች። የሰውን ማሽን እያበረረች የአባቷ በግማሽ ይንፏቀቅ? ቅንብሩ ውስጥ ገብታ ቁጥሩን ደበቀችው። አንድ ቀን አሻሽለዋለሁ ብላ ለራሷ ቃል ገባች እንጂ ለሹፌሩ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። በምትሠራበት የጥገና ሱቅ ያልጨረሱትን ሥራ ጉድለት ለማሽኑ ባለቤት መንገር ነውር ነው።

ሹፌሩ መጀመሪያ ከአጥር አጥር እየተላጋ ውራ ወጣ። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" እያለ በማግስቱም ተቀመጠ። በሁለተኛው ወር አራተኛ፣ በአራተኛው ወር ሁለተኛ፣ ስድስት ወር ሲሞላው አንደኛ ወጣ። ከዚያ ወዲያ የሚቀድመው ጠፋ። የዙሩን ሰዓት ለጎረቤት ያሳያል፣ ኩርባውን እንዴት እንደቆረጠው ለሚስቱ በሳህንና በኩባያ እያስረዳ ምሳ ያቀዘቅዛል። ቀልቡ ሲመለስ እጁም ተከተለው። ማንኪያውን ወደ ቀኙ አዛወረ፣ የሸሚዙን ቁልፍ ራሱ መቆለፍ ጀመረ። አንድ ቀን ምሳ ላይ መንጃ ፈቃዱን ሊያድስ መሆኑን ተናገረ። የድሮ መሥሪያ ቤቱ የስምሪት ኃላፊ፣ አድሰህ ከመጣህ መሪህ ይጠብቅሃል ብሎታል። እናትየው ሳህን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ልጅቷ አባቷን እንደዚያ ቀን ሲያምር አይታው አታውቅም።

እንግዲህ ሰው ሲደሰት ስጦታ ያምረዋል። ልጅቷም የዘገየ ቃሏን ልትሞላ ተነሳች። ደንበኞች ማሽናቸውን ሲለውጡ ከሚተዉት እየመረጠች፣ ዛሬ ማዘርቦርድ፣ በሳምንቱ ሜሞሪ፣ ከዚያ አንድ ደህና ግራፊክስ ካርድ ሰበሰበች። ፕሮሰሰሩን ግን አዲስ ገዛች፤ ኢሙሌተርን የሚያስሮጠው እሱ ነውና ከሌላ ይጉደል አለች። አንድ ዓርብ ከሰዓት ቀድማ ወጥታ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አንጥፋ ኮምፒውተሩን ዘረገፈችው። እናቷ ስለ አቧራው ስታጉረመርም፣ ሹፌሩ ወንበር ስቦ እንደ ረዳት ብሎን ሲያቀብላት ዋለ። ፕሮሰሰሩ ላይ ሙቀት የሚያሳልፈውን ነጭ ቅባት ቀባች፣ ማራገቢያውን አጠበቀች፣ ገመዶቹን ጠቅልላ አሰረች። ኮምፒውተሩን ከፍታ የደበቀችውን ቁጥር መልሳ አየችው። መቶ ፐርሰንት፣ ንቅንቅ የለም። ደስታው እንባ ሊያመጣባት ትንሽ ቀረው።

ሹፌሩ ተቀመጠ። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን መኪኖቹ ተተኮሱ፤ የእሱ የመጀመሪያዋ ኩርባ ላይ አጥሩን መታ። ሳቀና እንደገና ጀመረ፤ እንደገና መታ። አዲስ መኪና እስኪለመድ ነው አለ። ልጅቷም አመነችው። ማሽኑን እንጂ ነጂውን አላየችም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት ሱቁ ሥራ በዝቶበት አምሽታ ትገባለች። ስትጠይቀው "ይበራል" ይላታል፤ በዚያው ያልፋል። አንድ ጠዋት እናቷ ሱቁ በር ላይ ቆማ አየቻት። እናቷ ሱቁን ረግጣው አታውቅም። ልጅቷ ጥግ ወስዳ አስቀመጠቻት።

"አባትሽ በሽታው ተመልሶብኛል ይላል" አለች እናትየው። "ጠዋት ጠዋት ያ ጌም ላይ ይቀመጣል፣ ከዚያ ዘግቶት ግድግዳ ያያል። ሲበላም በግራው ነው። እጁን ጋቢው ውስጥ ይደብቅብኛል። ድጋሚ ሊመታኝ ነው፣ ለልጅቷ እንዳትነግሪ ብሎኛል።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"አንቺ ኮምፒውተሩን ካደስሽለት ወዲህ።"

ያኔ ነገሩ ለልጅቷ ገባት። አባቷ ሲያሸንፍ የከረመው በግማሽ ፍጥነት የሚሄዱ መኪኖችን ነው። የጌሙ ሰዓትም አብሮ በግማሽ ስለሚቆጥር፣ የሚያኮራው ያ የዙር ሰዓት ከነጭራሹ ሰዓት አልነበረም። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል፤ አዋቂ ሳሚ ሲለቀልቅ ምን እንደሚባል ግን ማንም አልነገራት።

ባለሱቁን አስፈቅዳ ቤት ሄደች። እጄ ያጠፋው ስህተት ስላለ ላስተካክል ነው አለችው አባቷን። ኢሙሌተሩ ፍጥነት መቀነሻ አለው፤ ሃምሳ አራት ላይ አድርጋው ተነሳች። ሹፌሩ እየፈራ ጆይስቲኩን ያዘ። የመጀመሪያዋን ኩርባ አለፈ፣ ሁለተኛዋን ቆረጣት፣ አንደኛ ወጣ። ሚስቱን ተጣራ። ሚስቱ መጥታ ስክሪኑንም ባሏንም እያየች በሻሿ ጫፍ እንባዋን ጠረገች። ሹፌሩ ቀኝ እጁን ከጋቢው አውጥቶ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየው።

"ሰኞ ለፈቃዱ እሄዳለሁ" አለ።

ልጅቷ ይህን አላሰበችውም ነበር። ምርመራው ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ፊደል ማንበብ፣ ደም ግፊት መለካት፣ ማህተም። የሹፌሩን ዓይን ያያሉ እንጂ ጣቱ ምን ያህል እንደሚዘገይ ማን ይለካል? ከዚያ አርባ ዘጠኝ ተሳፋሪ ተጭኖ ቁልቁለት ነው። እናት ልጅ አቅፋ ከሹፌሩ ጀርባ ትቀመጣለች። መንገዱ ደግሞ ማንም ገብቶ በግማሽ አያስኬደውም። ሁለት ቀን ሙሉ ከራሷ ጋር ተሟገተች። ዝም ብትል ሰው ልትገድል ነው፤ ብትናገር አባቷን።

እሑድ ረፋድ ላይ እናቷ ገበያ ስትወጣ ከአጠገቡ ተቀመጠች። ጆይስቲኩ ጭኑ ላይ ነበር።

"አባዬ፣ በሽታህ አልተመለሰም" አለችው። "እጅህ ያው ነው። ኮምፒውተሩ ነው የተለወጠው። ድሮ በግማሽ ፍጥነት ነበር የሚሄደው፤ አፍሬ ሳልነግርህ ቀረሁ። ሳድሰው ትክክለኛ ፍጥነቱን ያዘ። አሁን ደግሞ መልሼ ያዘገየሁት እኔ ነኝ።"

ሹፌሩ ጆይስቲኩን በግራ እጁ አነሳና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

"ሰምቼዋለሁ" አለ። "ሞተሩ እንደሚጎተት ከመጀመሪያው ቀን ሰምቼዋለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሞተር ስሰማ የኖርኩ ሰው እንዴት አልሰማ? ግን ኢንጂነሯ ልጄ ዝም ካለች የተሳሳተው ጆሮዬ ነው አልኩ። እንደሱ እንዲሆን ፈለግሁ።"

ይቅርታ ልትለው አፏን ስትከፍት እንባዋ ቀደማት። አባቷ ጉልበቷን መታ መታ አደረጋትና፣ እናትሽ ስትመጣ ፊትሽን ታጥበሽ ጠብቂያት አላት።

ሰኞ ወደ መንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ አብረው ሄዱ። ሹፌሩ ሸሚዙን ያስቆለፈው በሚስቱ ነው። መስኮቱ ጋ ደርሰው ጸሐፊዋ ለማደስ ነው ወይ ብላ ስትጠይቀው፣ ለማስረከብ ነው አላት። በትክክል የሰማች አልመሰላትም። ፈቃዱ እስካልተነጠቀ ድረስ ማንም መጥቶ እንደማያስረክብ ነገረችው፤ እሱ ግን ከኪሱ አውጥቶ ፊቷ አኖረው። መሳቢያ ከመሳቢያ ፈልጋ አንድ ጠርዙ ቢጫ የሆነ ቅጽ አገኘች። አባት በእጃቸው ካልቻሉ ልጅ ትሙላላቸው አለች።

ልጅቷ ስሙን ጻፈች። የፈቃዱን ቁጥር ጻፈች። ያገለገለበትን ዘመን ጻፈች። የመጨረሻው መስመር ምክንያት ይላል። "ሕመም" ብላ ልትጽፍ ስትል አባቷ ከትከሻዋ በላይ ሆኖ አስቆማት።

"ሕመም አትበዪ" አላት። "በሕመም የወረደ ሲሻለው ይመለሳል። እጄ አይደርስም ብለሽ ጻፊ።"

እስክሪብቶዋ ወረቀቱ ላይ ቆሞ ቀረ። ከኋላቸው የተሰለፉት አንድ ሁለቱ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ስንት የሞተ ማሽን ያስነሳው ያ እጇ አንዲት ፊደል መጫር አቃተው።

"ጻፊ እንጂ የኔ እናት" አለ ሹፌሩ በቀስታ። "ሰው እኮ እየጠበቀን ነው።"

እሷም በአባቷ ፋንታ፣ በአባቷ ስም፣ እጄ አይደርስም ብላ ጻፈች።