የትኛውን ልጣል?

ሙጀሂድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚያስተምረው፣ ሰው አምኖ የያዘውን ነገር እንዴት መተው እንዳለበት ነው። ይህም ሥራ ሆኖ ደመወዝ ይከፈልበታል! ትምህርቱ ባጭሩ፣ የምታምናቸው ነገሮች እርስ በርስ ሲጋጩ ቢወድቅ ትንሽ የሚያፈርሰውን መርጠህ ጣል የሚል ነው።

ታዲያ አፍናንን ለማግባት መካነ ሰላም መጣና አጎቱን አብዱሰላምን ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ወደ አባቷ ወደ ሸህ ሙእሚን ላከ። ሄደው ተመለሱ።

«ልጅቷ ገና ናት፣ አንሰጥም ብለውናል» አሉ አብዱሰላም ፈገግ ብለው። «እንግዲህ ለጁምዓ...»

ሙጀሂድ ከዚያ ወዲያ አልሰማም። ለልጅቷ ክብር ሲባል ሽማግሌን መጀመሪያ እንቢ ብሎ መመለስ፣ በቀጠሮው ደግሞ እሺ ማለት ያገሩ ወግ ነው። እሱ ግን ዕድሜውን ከመጽሐፍ ጋር ስለፈጀ ይህን አያውቅም። ፊቱ አመድ መሰለ። ቁጭ ብሎ ማስላት ጀመረ።

አፍናን «አባቴ ተስማምቷል» ብላዋለች። ዋሽታኛለች ብሎ ቢያምን እሱ ራሱ ሰው አይሆንም። ሸህ ሙእሚን ዋሽተዋል ቢል ደግሞ፣ በልጅነቱ ቁርኣን ያቀሩት እሳቸው ናቸው፤ ከመጀመሪያው ፊደል ከአሊፍ ጀምሮ ሁሉም ሊናድ ነው። ስለዚህ ብዙ ሳያፈርስ የሚጣል አንድ ነገር ብቻ ቀረ።

«አጎቴ፣ ሌላ ሰው ቤት ገብታችሁ ነው» አለ።

«ወላሂ፣ ምን ነካህ? አጥራችን እኮ አንድ ነው!»

«ቅርብ ስለሆነ ሳያስተውሉ አልፈውት ይሆናል።»

አብዱሰላም ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሱ። «ከእንግዲህ እግሬን አላነሳልህም!» አሉ። ሌሎቹም ተከተሏቸው።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ አፍናን ደወለች። «በጉ ታርዷል፣ አባቴ በር በሩን እያየ ነው፤ ሽማግሌዎችህ የት ገቡ?»

የሆነውን ነገራት።

«አዋቂ እንደሆንክ አምን ነበር። እንደምትወደኝም አምን ነበር። አሁን ሁለቱ አልገጥም አሉኝ፤ እንዳስተማርከኝ አንዱን ጣልኩ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ሙጀሂድ ስሌቱን ትቶ ከደጅ ትልቅ ድንጋይ አነሳና ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ አብዱሰላም እግር ሥር ተንበረከከ። አጎቱ እያጉረመረሙ ይቅር አሉት፤ ባልንጀሮቻቸውን ጠርተው ሄዱ።

አብሯቸው መግባት ወጉ ስለማይፈቅድ እሱ አጎቱ ግቢ ቀረ። ድንጋዩን ማውረድ እንኳን ረስቶ አጥሩ ሥር ቆመ። ብዙ ቆይቶ ከወዲያ በኩል እልልታ ቀለጠ። ደስታው ግን ግማሽ ነበር።

«አፍናን!» አለ በአጥሩ ቀዳዳ። «የትኛውን ነው የጣልሽው?»

«አዋቂ ነው የሚለውን» አለችው። «ስጥለው ምንም የፈረሰ ነገር የለም።»